ይቅርታ የማይጠይቅ ጀግና



የዛሬው ንግግሬ በሕዝብ መዝናኛችን ውስጥ ወንድ እንዴት ሲሣል እንደኖረና ሥዕሉ እንዴት እየተለወጠ እንደመጣ የሚመለከት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ በየጊዜው የምሰማቸው ሁለት አስተያየቶች አሉ። አንደኛው ወገን «ድሮ በዘፈኑም በቴአትሩም ወንዱ ወንድ ነበር፤ ዛሬ ለስልሶ ቀረ» ብሎ ይቆጫል። ሌላው ወገን ያንኑ ነገር በደስታ ይናገረዋል፤ «ወንዱ መውደድና ማልቀስ ተማረ፤ ሠለጠንን» ይላል። አንዱ ቢያዝን ሌላው ቢደሰት፣ ሁለቱም የሚስማሙበት ታሪክ አንድ ነው፤ ወንዱ ከጥንካሬ ወደ ልስላሴ ሄደ የሚል።

እኔ ግን የአማርኛውን ዘፈን፣ ቴአትር፣ በሬዲዮ የተተረከ ልቦለድና ፊልም ስመረምር የማየው ሌላ ነው። የሚፎክረው ወንድና የሚያለቅሰው ወንድ ከጥንትም ጎን ለጎን የኖሩ ናቸው። ብዙ ጊዜም አንድ ሰው ናቸው። የጎደለን ሦስተኛው ነው። በሌላ ሰው ላይ ያደረሰውን ጉዳት ዐይኑን ከፍቶ የሚያይ፣ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ የሚጠይቅ፣ ከዚያም አኗኗሩን የሚያስተካክል ወንድ በመዝናኛችን ውስጥ እምብዛም የለም። ይህ ጉድለት የአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም።

ከፉከራ እንጀምር። በግብር አዳራሽ፣ በዘመቻ ዋዜማ ወይም በሠርግ ላይ አንድ ሰው ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ «ዘራፍ!» ሲል የሚከተለው ግጥም የራሱ ሥርዓት አለው። ፎካሪው የአባቱን ዘር ይጠራል። የጌታውን የፈረስ ስም ያነሣል፤ አባ ታጠቅ ካለ ቴዎድሮስን፣ አባ ዳኘው ካለ ምኒልክን ነው። የጣለውን ይቆጥራል፤ ገና በሚጥለው ላይ ይዝታል። ዛሬ በበዓል ቀን በቴሌቪዥን የምናየው ይህንኑ ነው፤ ጎፈሩን፣ ጋሻውን፣ ወዲያ ወዲህ መንጎራደዱን። የማናየው ነገር ግን አለ። ፉከራ በዘመኑ ዕዳ ነበር። ሰውየው በጌታውና በባልንጀሮቹ ፊት የተናገረውን ጦር ሜዳ ላይ ሳይፈጽም ቢመለስ፣ ሴቶች በሁለት ስንኝ ስሙን ያጠፉት ነበር። ያ ስንኝ ደግሞ ልጁ ጆሮ ድረስ ይከተለዋል። ስለዚህ ፉከራ ምስክር ባለበት የሚገባ ቃል ነበር። ቃሉ የግድያ ቃል መሆኑን አልረሳሁም፤ አላሞግሰውምም። ሆኖም ፎካሪው በተናገረው ነገር የሚጠየቅ ሰው ነበር።

የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ሕዝቡን እየመጣ በነበረው የጣሊያን ወረራ ላይ ማነሣሣት ዋና ሥራው ነበር። ያን ጊዜ መድረኩና ጦር ሜዳው እጅግ ይቀራረቡ ነበር። እዚያ ቆሞ ቀረርቶ የሰማ ጎልማሳ ዓመት ሳይሞላው ማይጨው ላይ ሊሰለፍ ይችል ነበር። ከነጻነት በኋላ መድረኩ ቀጠለ፤ ፉከራውም ቀጠለ፤ ዕዳው ግን ቀረ። ተዋናዩ ፎክሮ ይወርዳል፤ ይጨበጨብለታል፤ ማንም «የት አደረስከው?» አይለውም። የዛሬው የማስታወቂያና የሙዚቃ ቪዲዮ ጀግና የዚያ ፎካሪ ልብስ እንጂ የዚያ ፎካሪ ግዴታ የለበትም።

በነገራችን ላይ በዚያው ዘመን መድረክ ላይ ሌላ የሚገርም ነገር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴት ልጅ ቴአትር መጫወቷ እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ የሴቲቱን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድ ነበር። የሙሽራይቱን ዕፍረት፣ የእናቲቱን እንባ፣ የተከዳችውን ሴት ኀዘን ወንድ ተዋናይ አምጥቶ ያሳይ ነበር፤ ተመልካቹም ይቀበለው ነበር። ወንድነት የማይነቃነቅ ዓለት ነበር የሚሉን ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ልቦለዱ ሰው ወደ ፊታውራሪ መሸሻ እንምጣ። ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ሳይቀር የደረሰው ግን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው። ወጋየሁ በአንድ ጉሮሮ ጎጃምን ሞልቶ ሰው ያስገባበት ነበር። በየቤቱ፣ በየሻይ ቤቱ ሰው ሥራውን አቁሞ ያዳመጠው ልቦለድ፣ በእኔ እምነት በአማርኛ መዝናኛ ውስጥ ወንድነትን ከሁሉ በላይ በጥልቀት የመረመረ ሥራ ነው።

ፊታውራሪ መሸሻ የፉከራ ሰው ናቸው። ስለ ዘራቸውና ስለ አጥንታቸው ያወራሉ፤ ስለ ጦርና ስለ ፈረስ ያወራሉ። ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል አጥንት ሲመርጡ የማግቢያ ዕድሜዋን ያሳልፉባታል። ጭሰኞቻቸው የተጨመረባቸውን ግብር አንከፍልም ሲሉ ይዘምቱባቸዋል፤ ተማርከውም ያርፋሉ። አንባቢው ይስቃል፤ አድማጩ ይስቃል። ግን ይህን የጻፈው ማን እንደሆነ እናስብ። ሀዲስ ዓለማየሁ ከራስ እምሩ ጋር ጣሊያንን የተዋጉ፣ የተማረኩ፣ ዓመታት በጣሊያን ደሴቶች ላይ ታስረው የኖሩ ሰው ናቸው። ጦርነትን በዐይናቸው አይተዋል። በመድፍና በአውሮፕላን ፊት ፎክሮ የቆመውን ሰው ያውቁታል፤ በሰላም አገር በገዛ ገበሬው ላይ የሚፎክረውንም ያውቁታል። ሁለቱን ለይተው ለማሳየት ከእሳቸው የተሻለ መብት ያለው ሰው አልነበረም። ስለዚህ የፊታውራሪ መሸሻ ሥዕል የአንድ ፈሪ ምሁር ፌዝ አይደለም። የእውነተኛ አርበኛ ፍርድ ነው።

ከፊታውራሪ ትይዩ በዛብህ ቆሟል። በእናቱ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ፣ ቅኔ የተማረ፣ ሲወድ የሚጨነቅ፣ ሲፈራ ፍርሃቱን የማይደብቅ ወጣት ነው። ቤቷንና ማዕረጓን ጥላ ፍለጋ የምትወጣው ሰብለ ናት። ወንዱ በሕመምና በሽፍታ እጅ ወድቆ ሲጠብቅ፣ ሴቲቱ መንገዱን ትቆርጣለች። ከ50 ዓመት በላይ በዛብህን የወደደ ሕዝብ ነው ያለን። በ2009 ዓ.ም. ቴዲ አፍሮ «ማር እስከ ጧፍ» ብሎ ያንኑ ፍቅር ወደ ዘፈን ሲመልሰው ወጣቱ ትውልድ እንደ አዲስ ተቀበለው። ይኸው ዘፋኝ በ2004 ዓ.ም. «ጥቁር ሰው» ብሎ የዐድዋውን ንጉሥ አወድሶ ነበር። ዘማቹ ንጉሥና ፈሪው ደብተራ በአንድ ሰው ድምፅ ሲዘፈኑ ማንም ተቃርኖ አላየበትም። ይህ ነው ቀድሜ ያልኳችሁ፤ ሁለቱም ወንዶች አሉን፤ ሁለቱንም እንወዳቸዋለን።

ወደሚያለቅሰው ወንድ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ፍቀዱልኝ።

የዘመናዊ ዘፈናችንን አፈጣጠር ስንመለከት አንድ እንግዳ የሚመስል ነገር እናገኛለን። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ የነሐስ ሙዚቃ ቡድን አቋቋሙባቸው። የማርሽ ሙዚቃ በዚህ መንገድ ሥር ሰደደ፤ በኋላም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተደራጁ። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወጥቶ ክብር ዘበኛ ገባ። ማሕሙድ አሕመድ የክብር ዘበኛ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴ የፖሊስ ነበር። እንግዲህ አስቡት። በአማርኛ ከተዘፈኑት እጅግ አንጀት የሚበሉ የፍቅር ልመናዎች ብዙዎቹ የተወለዱት በጦር ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት ለሰልፍ ማርሽ የሚጫወተው ቡድን፣ ማታ ስለ ናፍቆትና ስለ መከዳት ይጫወታል። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በክብር ዘበኛው አዛዥ በጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ የተመራው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ ጥላሁንም ከታሠሩት መካከል ነበር። ወታደርነቱ የይስሙላ አልነበረም ማለት ነው።

ጥላሁን ሲዘፍን ያለቅስ ነበር። እንባው በጉንጩ ሲወርድ ያየ ተመልካች «ወንድ ሆኖ!» ብሎ አላፈረበትም። እንዲያውም ይበልጥ ወደደው። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ የመንግሥት ክብር ተደርጎለት ተቀበረ፤ መስቀል አደባባይ በሕዝብ ተሞላ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እያለ ልጁን የሚቆጣ አባት፣ ማታ ጥላሁንን ከፍቶ አብሮ ያለቅሳል። ዘፈኑ ለወንዱ ፈቃድ ሰጥቶታል። በመጠጥ ቤት፣ በመኪና ውስጥ፣ ብቻውን ባለበት ክፍል፣ ከወታደር ጉሮሮ በወጣ እንባ የራሱን እንባ ያፈስ ዘንድ ፈቅዶለታል።

ይህን ሀብት አከብራለሁ። ብዙ ወንዶችን ከመታፈን አድኗል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን እንባው ስለ ምን እንደሚፈስ ልንጠይቅ ይገባል። አብዛኛውን የፍቅር ዘፈናችንን አዳምጡ። ወንዱ ተጎድቷል፤ ወንዱ ተረስቷል፤ ወንዱ ከስቷል፤ ወንዱ እንቅልፍ አጥቷል። ሴቲቱ ጨክናለች። ለምን እንደጨከነች ዘፈኑ አይነግረንም። ምን ብሏት ነበር? ምን አድርጓት ነበር? ልትሄድ የቻለችው ምን ብታይ ነው? ግጥሙ የሚጀምረው እሷ ከሄደች በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የሆነው ሁሉ ከዘፈኑ ውጭ ነው። ወንዱ በገዛ ጉዳቱ ላይ የሚያለቅስ ብቸኛ ተበዳይ ሆኖ ይቀርባል። እንባ ቢኖርም ሥልጣኑ አልተነካም፤ ታሪኩን የሚናገረው እሱ ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠውም እሱ ነው። የብዙነሽ በቀለንና የሂሩት በቀለን ድምፅ ያመሰገንነው ድምፃቸው ስለሚያምር ብቻ ሳይሆን፣ ከወዲያኛው ወገን መልስ ስላሰሙን ጭምር ነው። መልሱ ግን ከጥያቄው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው።

ወንዱ ጥፋቱን ላለማመኑ «ባህላችን ስለማይፈቅድ ነው» የሚል ሰበብ ሲቀርብ እሰማለሁ። ይህ ትክክል አይደለም። በገናን አስቡ። በዐቢይ ጾም ዓለሙ አጋን የመሰለ በገና ደርዳሪ ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነትና ስለ ገዛ ኃጢአቱ ሲናገር እንሰማለን። መኳንንቱ ራሳቸው ይደረድሩት የነበረ መሣሪያ ነው። ማለትም በግብር አዳራሽ የሚፎከርለት ጌታ፣ በሌላ ሰዓት ብቻውን ተቀምጦ «አጥፍቻለሁ» የሚልበት ዜማ ነበረው። ንስሐ የሚገባ ወንድ ባህላችን ውስጥ አለ። እዚያ የሚናዘዘው ለፈጣሪው ነው። ለሚስቱ፣ ለልጁ፣ ለሠራተኛው፣ ለጭሰኛው ሲናዘዝ ግን አንሰማውም። የዘመናዊው መዝናኛ ጸሐፊ ከበገናው ዜማውን ወስዶ አቅጣጫውን ወደ ሰው ቢያዞረው ኖሮ፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ነገር በሆነ ነበር።

የደርግን ዘመን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ለራሱ ሌላ ንግግር የሚፈልግ ነውና። የሰዓት እላፊው የምሽት ሙዚቃውን ገደለው፤ ካሴት ተተካ። የኪነት ቡድኖች ወንዱን በጡጫና በጠመንጃ ሣሉት። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ሕግ ከወጣ በኋላ ያ ሥዕል ከመድረክ ወርዶ የእያንዳንዱን እናት በር አንኳኳ። በአንድ በኩል በአደባባይ የሚዘመረው የዘማች ውዳሴ፣ በሌላ በኩል በየቤቱ በዝግታ የሚሰማው የፍቅርና የናፍቆት ካሴት አብረው ኖሩ። መሄድ የማይፈልገው ልጅ፣ የሚፈራው ልጅ ግን በሁለቱም ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ያን ልጅ ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ በኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ላይ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ለእይታ ቀረበ፤ በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በማግስቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቁን ሽልማት አገኘ። አንበርብር የሚባለው ዋና ባለታሪክ ውጭ ተምሮ፣ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተበጣጥሶበት ወደ ጣና ዳር መንደሩ ወደ እናቱ ይመለሳል። የመንደሩ ልጆች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። አገር ሊያድን የወጣ የተማረ ወንድ ምንም ሊያድን ሳይችል እናቱ ቤት ቁጭ ብሎ እናየዋለን። በአማርኛ ፊልም ውስጥ ወንድ ልጅ አቅም ማጣቱን ያለ ምንም ሽፋን የተቀበለበት ሌላ ሥራ አላውቅም።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የዲጂታል ካሜራ ሲመጣ የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች በአገር ውስጥ ፊልም ተሞሉ። የፍቅር ኮሜዲ ነገሠ። «የወንዶች ጉዳይ» የተባለው ፊልም ከሁሉ ይበልጥ ከሚታወሱት ነው፤ ርእሱ ራሱ ዘመኑ ስለ ምን ማውራት እንደፈለገ ይናገራል። የእነዚህ ፊልሞች ወንድ ከፎካሪው በጣም የራቀ ነው። ሥራ የሌለው፣ ኪሱ ባዶ የሆነ፣ የሚወዳትን ልጅ ሲያይ የሚንተባተብ፣ ባልንጀሮቹ የሚመክሩትና የሚያሳስቱት የከተማ ልጅ ነው። ወደድነው፤ ልንወደውም ይገባል። የከተማው ወጣት ወንድ ድህነቱንና ዕፍረቱን በስክሪን ላይ አይቶ ሊስቅበት የቻለው በእነዚህ ፊልሞች ነው። ቲኬት ገዢው ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚመጣ ወጣት ስለሆነ፣ ሴቷ ተመልካች ያልወደደችው ባለታሪክ ገበያ አያገኝም፤ ይህም ወንዱን ለዘብ አድርጎታል።

ሆኖም ሴራውን ልብ በሉ። በስንቱ ፊልም ውስጥ ነው ወንዱ ሴቲቱን የሚያገኛት በውሸት? ሀብታም ነኝ ብሎ፣ ሌላ ሰው ነኝ ብሎ፣ በተንኮል ተጠግቶ ያገኛታል። ውሸቱ ሲታወቅ ትቆጣለች፤ ትለየዋለች። ከዚያም ዝናብ ውስጥ ይቆማል፣ ወይም አየር ማረፊያ ድረስ ይሮጣል፣ ወይም በሰው ፊት ፍቅሩን ይናገራል፤ ትመለሳለች። ፍቅሩ እውነተኛ ስለሆነ ውሸቱ ተሰረዘ። «ስለምወድሽ ነው» የሚለው ንግግር ይቅርታውን ተካው። መውደዱ የጥፋቱ ክፍያ ሆኖ ተቆጠረለት። እኔ በዚህ አልስማማም። ተመልካቹ ወጣት ከሲኒማ ቤት ይዞት የሚወጣው ትምህርት ይህ ከሆነ፣ ቤቱ ገብቶም የሚሠራበት ይህንኑ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተቀዱ የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃወሙ። ክርክሩ ስለ ሥራ ዕድልና ስለ ባህል ነበር፤ ስለ ወንዱ ሥዕል ግን ብዙ አልተነገረም። የእነዚያ ድራማዎች ባለታሪክ ሱፍ የለበሰ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዐይኑ በቀላሉ እንባ የሚያቀር ነው። ያለቅሳል፤ እናቱን ያከብራል፤ ለፍቅሩ ይሞታል። በዚያው ልክ ይቀናል፣ ይከታተላል፤ ሴቲቱ ልትሄድ ስትል የእጇን አንጓ ይዞ ያስቀራታል። ካሜራው ፊቱን እያስጠጋ፣ ሙዚቃው እየጋለ፣ እጅ መያዙ የፍቅሩ ብርታት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ቋንቋው አማርኛ ሆኖ ሲሰማ ደግሞ ባዕድነቱ ይጠፋል። ፎካሪውና አልቃሹ እዚያም በአንድ ሰው ውስጥ ተዋሕደዋል፤ እዚያም ይቅርታ የለም።

እጅ መያዝ ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ያሳየን «ድፍረት» ነው። የዘረሰናይ ብርሃነ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። በእውነተኛ ክስ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ስታመልጥ ጠላፊዋን ትገድላለች፤ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመውላት ነጻ ትወጣለች። ጠለፋ በአፈ ታሪካችንና በጨዋታችን ውስጥ የጀግንነት ወሬ ሆኖ ሲነገር እንደኖረ አትርሱ፤ ወዶ የጠለፈ ጎበዝ ይባላል። ሕጉም ይህን ያግዘው ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ክፍት ትቶለት ነበር፤ በሩ የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። «ስለምወድሽ ነው» የሚለው የኮሜዲው ሰበብና «አገባታለሁ» የሚለው የጠላፊው ሰበብ ዝምድና አላቸው። ሁለቱም የወንዱን ፍላጎት ለጥፋቱ ማጽጃ ያደርጉታል። ኮሜዲ የሚጽፉ ወንድሞቼና እህቶቼ በዚህ አባባሌ እንደሚከፋቸው አውቃለሁ። ቢሆንም አስቡበት።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ወንድ ግን የ9 ዓመት ልጅ ነው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም እናቱ በረሃብ ሞታበት፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ዘመዶቹ ዘንድ ይተወዋል። ልጁ የሚችለው ምግብ ማብሰል ነው፤ ከእናቱ የቀረለት ይህ ችሎታና ጩኒ የሚላት በጉ ናቸው። አጎቱ ግን ወንድ ልጅ ያርሳል እንጂ አያበስልም ባይ ነው፤ ለበዓልም በጓን እንዲያርድ ያዘዋል። ኤፍሬም ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ እያወጣ ይሸጣል፤ ገንዘብ ያጠራቅማል፤ በጓን ለማዳን ይሯሯጣል። ፎክሮ አያውቅም። ጀግንነቱ አንዲት ነፍስ ለማትረፍ በምድጃ ዳር የሚሠራው ሥራ ነው። አጎቱም ጭራቅ ሆኖ አልተሣለም፤ ብዙ አፍ የሚመግብ፣ ከአባቱ የተቀበለውን ለልጁ ከማቀበል ሌላ መንገድ ያላየ ገበሬ ነው። ወንድነት ከትልቁ ወደ ትንሹ በግድ እንዴት እንደሚተላለፍ ይህን ያህል በርኅራኄ ያሳየን ሥራ ጥቂት ነው።

አንድ የሚያሳዝን እውነት ልጨምር። «ጤዛ»ን፣ «ድፍረት»ንና «ላምብ»ን የሠሩት ባለሙያዎች ሦስቱም በአሜሪካ የተማሩና የኖሩ ናቸው፤ ኃይሌ ገሪማ ዋሽንግተን በሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምሯል። ሥራዎቹ በውጭ ፌስቲቫል ተሸለሙ፤ አገር ውስጥ ግን የኮሜዲውን ያህል ሕዝብ አላያቸውም። ስለ ወንዱ ከባዱን ጥያቄ ያነሡት ፊልሞች ለፌስቲቫል ዳኛ ቀረቡ፤ ቀላሉን መልስ የሰጡት ለጎረምሳው ቀረቡ። ሸክሙን በተመልካቹ ላይ ማድረግ አልፈልግም። በሬዲዮ የፊታውራሪ መሸሻን ውድቀት ያዳመጠ ሕዝብ ከባድ ነገር ይወዳል፤ የሚያስፈልገው በቋንቋው፣ በቤቱና በሰዓቱ እንዲደርሰው ማድረግ ነው።

«ወንዱን አታዋርዱት፤ አገር በጀግና ነው የሚቆም» የሚሉኝ አሉ። አከብራቸዋለሁ፤ ፍርሃታቸውም ይገባኛል። አገራችን ብዙ ጦርነት ያየች ናት፤ የቅርቡም ቁስሉ አልጠገገም። ነገር ግን ከጦርነት የሚመለስ ወንድ ከጦርነት በፊት ከነበረው ሥዕል ጋር መኖር አይችልም። ቅዠት ያለበት፣ በልጁ ድምፅ የሚደነግጥ፣ ሚስቱን መትቶ ከዚያ ግድግዳ ሲያይ የሚያድር ሰው በየሰፈራችን አለ። እሱን የሚያሳይ ተከታታይ ድራማ ያስፈልገናል። ሲመታ የሚያሳይ ብቻ ከሆነ አያጠግበንም፤ ሲጸጸት፣ ሲናዘዝ፣ እርዳታ ሲፈልግ፣ ያጠፋውን ዓመታት ፈጅቶም ቢሆን ሲክስ ሊያሳየን ይገባል። ይህ ወንዱን ማዋረድ አይደለም። ቀድሞ ፎካሪው የነበረበትን ተጠያቂነት መልሶ መስጠት ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ለእናንተ ነው። የፊልም ጽሑፍ የምትጽፉ፣ ወንዱ ዝናብ ውስጥ ከቆመ በኋላ ያለውን ትዕይንት ጻፉልን፤ ሴቲቱ «ለምን ዋሸኸኝ?» ብላ የምትጠይቅበትን፣ እሱም ስለ ፍቅሩ ሳይሆን ስለ ጥፋቱ የሚመልስበትን። ዘፈን የምትገጥሙ፣ ከሄደችበት ቀን በፊት የነበረውን አንድ ስንኝ ጨምሩልን። ዳይሬክተሮች፣ እጇን ሲይዛት ካሜራውን ወደ እሷ ፊት አዙሩት። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ «ጤዛ»ን፣ «ድፍረት»ንና «ላምብ»ን ሰው ከሥራ ገብቶ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በሚያይበት ሰዓት አሳዩልን፤ ከፊልሙ በኋላም አባቶችንና ወንዶች ልጆቻቸውን አስቀምጣችሁ አወያዩ። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ የመመረቂያ ቴአትራችሁን ስታዘጋጁ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ወንድ የምትጫወቱበት አንድ ገቢር ይኑራችሁ። ተዋናዮቹ አላችሁ፤ መድረኩም አላችሁ።

 አሁን ጥያቄያችሁንና ተቃውሟችሁን እጠብቃለሁ።